ዘጠኝ ተኩል ካሬ

ፍርዱን የተየብኩት፣ እኔ ነኝ በእጄ፣
ጠዋት እንደ ወትሮው፣ ከቤቴ ማልጄ።
"ተከሳሽ ዶክተር ይሁኔ አለኸኝ" ብዬ፣
"አራት ዓመት ጽኑ" ከሥሩ አስከትዬ፣
የተሳተ ካለ፣ ላርም ብመለስ፣
አንድም ግድፈት የለ፣ ከስሙ እስከ ክስ።

ፈቃዱ ያለፈው፣ በሰኔ ሠላሳ፣
ማደሻ ወረቀቱ፣ ከዞን ያልተነሣ፤
ክሊኒኩ "መለስተኛ"፣ ምላጭ የማይነካ፤
የማዋለጃው ክፍል፣ በሜትር ሲለካ፣
ዐሥራ ሁለት ካሬ፣ መሆን የሚገባው፣
ዘጠኝ ተኩል ሆነ፤ ግድግዳው ምን ያርገው።

ያን ሌሊት ግን ሱሃ ሞልቶ ነበር።
ከደጀን የተላከው አምቡላንስ ከወንዙ ማዶ ቆሞ
መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል፣
ያበራል።
የሚጠራራ እንጂ የሚሻገር የለም።
ማስተዋልን አራት ሰዓት ሙሉ በቃሬዛ ተሸክመው
ቢቸና አደረሷት፤ ነጠላው ከነጭነቱ ወጥቷል።
ይሁኔ በሩ ላይ ቆመ።
ታፔላውን ቀና ብሎ አነበበው ይላሉ፣
"መለስተኛ" የሚለውን፣ ለመጨረሻ ጊዜ።
ከዚያ እጁን ታጠበ።
ጲላጦስ የታጠበው ላለመንካት ነው፤
እሱ የታጠበው ለመንካት።

ሕፃኗ አሁን ሁለት ጥርስ አውጥታለች።
እናትየዋን ዐቃቤ ሕግ ቆጠራት፣ አንደኛ ምስክር።
"ቀዶ ሕክምና አድርጎልሻል?"
"አዎ ጌታዬ፣ ቀዶ አዳነኝ።"
"አዳነኝ" የሚለው አልተጠየቀም ተባለና
ከመዝገቡ ተሰረዘ።
የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

ልዋሽ ግን አልችልም።
ሕጉ ሲጠብቅ ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ።
የእህቴን ልጅ አትጠገብን
ደብረ ወርቅ ገበያ ዳር፣ ባለ ነጭ ካፖርት
በአንድ መርፌ አስተኛት፤ ቀትር ላይ፣
እጇ ላይ የተገዛላት ሸንኮራ ሳያልቅ።
ኋላ ሲጣራ የከብት መድኃኒት ሻጭ ነው።
"ይጥበቅ!" ብያለሁ በስብሰባው፣ ቆሜ፣
"ይጥበቅ፣ ይታሰር፣ ይበስብስ!"
አሁንም እላለሁ፣ እሱን ካገኛችሁት።
ቡሬ ነው ይላሉ፣ ስም ቀይሮ፣
ወረቀቱን አሟልቶ።
አዎ፣ አሟልቶ። ክፍሉም ዐሥራ አራት ካሬ ነው አሉ።

ለጅብ ያጠመድነው፣ ወጥመዱ ሲታይ፣
የጎረቤት በሬ፣ ተጋድሞ በላይ፤
ገመድ ምን ያድርገው፣ ዐይን አልሰጠነው፣
የያዘውን ማጥበቅ፣ ይህ ነው የሚያውቀው።

የክሊኒኩ በር ላይ የለጠፍነውን ዝናብ በልቶታል፤
"ታሽ" የሚለው ብቻ ቀርቷል።
ሰው ግን እንደ ልማዱ ማልዶ ይመጣል፣
ደረጃው ላይ ተራ ይይዛል፤
አንዷ ሴትዮ ለኋላ መጪዋ ቦታ ትጠብቃለች፣
ለምን እንደሆነ ሳትጠየቅ።

ዓርብ ለት የይግባኝ ወረቀት ላስፈርመው ማረሚያ ቤት ሄድኩ።
ዘበኛው ዞር ሲል ክፍሉን በጫማዬ ለካሁት፦
ሦስት እርምጃ በሦስት፣ ትንሽ ፈቀቅ ይላል።
ጫማዬ ሜትር አይደለም፤ አልምልም።
ሌሊት የሚያድሩበት ሃያ ስድስት ናቸው፣
በፈረቃ ይገላበጣሉ።
ይሁኔ ጥግ ላይ ተንበርክኮ
የአንድ ሽማግሌ እሥረኛ ምላስ ያያል፣
በሌላው እጁ የልብ ምቱን ይቆጥራል።
ሲጨርስ ፈረመልኝ።
ብዕሩን ሲመልስልኝ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣
"ይህንንስ ትጽፈዋለህ?" አለኝ።